የመንጋጋ ማስተካከያ ቀዶ ሕክምናን በሲቲና በኮምፒውተር ማቀድ፦ ስፕሊንቱ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ እምቢ እንዳይል

ስክሪኑ ላይ ሁሉም ነገር አምሮ ይታያል። ንክሻው ልክ ነው፤ አገጩም መሃል ላይ ነው። ኦፕሬሽን ክፍል ሲደረስ ግን ስፕሊንቱ (ጥርስ ላይ ተቀምጦ መንጋጋዎቹን በታቀደው ቦታ የሚያገናኘው መያዣ) ጥርሱ ላይ አልቀመጥ ይላል። አንዳንዴ ደግሞ ይቀመጥና እብጠቱ ሲወርድ ፊቱ ወደ አንድ ጎን ሄዶ ይገኛል። ያኔ ሁሉም ሶፍትዌሩን ይጠረጥራል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሶፍትዌሩ ሳይከፈት ያለቀ ነው፦ ንክሻው ሲያዝ፣ ሲቲው ሲነሳ፣ የጥርሱ ምስል ከአጥንቱ ጋር ሲጋጠም። ስለዚህ እዚህ ላይ ሰፊውን ቦታ የምሰጠው ለዝግጅቱ ነው።

መመሪያው ለፊትና መንጋጋ ቀዶ ሐኪሞች፣ ለኦርቶዶንቲስቶች (ጥርስ በሽቦ ለሚያስተካክሉ ሐኪሞች) እና አብረዋቸው ለሚሠሩ ቴክኒሺያኖች ነው። ታካሚ ሆናችሁ ካነበባችሁት ሐኪማችሁን ለመጠየቅ ተጠቀሙበት፤ በራሳችሁ ለማቀድ ግን አይሆንም።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህ ካልተሟሉ ቀጠሮውን አራዝሙ።

- የታካሚው ፎቶዎች፦ ከፊት፣ ከጎን፣ ከንፈር ዘና ብሎ፣ ፈገግ ብሎ።
- በእጅ የተለኩ ቁጥሮች (ደረጃ 1 ላይ ተዘርዝረዋል)።
- የላይና የታች ጥርስ ሞዴል፣ በጂፕሰም ወይም በስካን።
- የንክሻ መያዣ፣ በጠንካራ ሰም ወይም በንክሻ ሲሊኮን።
- የሲቲው ዋና ዳይኮም ፋይል (የሕክምና ምስል የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት)። የታተመ ፊልምና በስልክ የተነሳ ፎቶ ለዚህ ሥራ አይረቡም።
- ለቀዶ ሕክምና ማቀጃ ፈቃድ ያለው ሶፍትዌር። ፕሮፕላን፣ ዶልፊንና ኬስ ዲዛይነር በብዛት የሚሠራባቸው ናቸው። ስሪዲ ስላይሰር ነፃ ነው፤ ለመማርም እጅግ ጥሩ ነው። ነገር ግን የተሠራው ለምርምር ነው። በእሱ የወጣ ዕቅድ ሰው ላይ ከመዋሉ በፊት ኃላፊነቱን የሚወስድ ቀዶ ሐኪም በሌላ መንገድ ሊያጣራው ይገባል።

ደረጃ 1፦ ታካሚውን ለኩ

ኦርቶዶንቲስቱ ጥርስ ማንቀሳቀሱን ጨርሶ መሆን አለበት። የመጨረሻው ሽቦ ከታሰረ በኋላ ጥርሱ እስኪረጋ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ጠብቁ። ስካን ከተደረገ በኋላ ሽቦ አይቀየር፣ ብራኬት (ሽቦው የሚታሰርበት ጥርስ ላይ የሚለጠፍ ቁራጭ) አይነቀል፣ ሙሌት አይሞላ። ብራኬት ወልቆ እንደገና ከተለጠፈ ጥርሱን እንደገና ስካን አድርጉ። በዓይን የማይታይ የጥርስ ፈቀቅታ እንኳ ስፕሊንቱን ያናውጠዋል።

ቀጥሎ ታካሚውን አቁሙት። ከፊቱ መስታወት አድርጉና የራሱን ዓይን ቀጥ ብሎ ይይ። ይህ ተፈጥሯዊው የጭንቅላት አቀማመጥ ነው። በዚህ ሁኔታ እንዳለ የሚከተሉትን ለኩና ጻፉ፦

- ከንፈሩ ዘና ሲል የሚታየው የላይኛው የፊት ጥርስ ስንት ሚሊሜትር ነው? ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከ2 እስከ 4 ሚ.ሜ ነው።
- የላይኛው ጥርስ መሃል መስመር ከፊቱ መሃል በስንት ሚ.ሜ፣ ወደየት ፈቀቅ ብሏል?
- የቀኙና የግራው ክራንቻ ጥርስ እኩል ናቸው? ካልሆኑ የትኛው በስንት ሚ.ሜ ይወርዳል?
- የአገጩ መሃል የት ነው?

እነዚህን ቁጥሮች ኮምፒውተሩ አያውቃቸውም። ሲቲ ሲነሳ ታካሚው ተኝቷል፤ ጉንጩና ከንፈሩ ወደ ኋላ ተስቧል። ከንፈር በጥርስ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ከሲቲ ላይ የለካ ሰው ላይኛውን መንጋጋ ያለ ቦታው ይሰቅለዋል።

ደረጃ 2፦ ንክሻውን ያዙ

ብዙ ዕቅድ የሚበላሸው እዚህ ነው። ንክሻቸው ያልገጠመ ሰዎች ታችኛውን መንጋጋ ወደሚመቻቸው ቦታ መግፋት ለምዷቸዋል። ይህን የለመዱትን ንክሻ ከያዛችሁ ኮንዳይሉ (ከጆሮ ፊት ባለው መገጣጠሚያ ውስጥ የሚገባው የታችኛው መንጋጋ ጫፍ) ከጉድጓዱ ወጣ ብሎ ይቀረጻል። በሰመመን ጊዜ ጡንቻው ሲላላ ኮንዳይሉ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ያኔ በታችኛው መንጋጋ ልክ የሚቀመጠው ላይኛው መንጋጋም አብሮ ይሳሳታል።

1. ታካሚውን ዘና አድርጉት። ምላሱን ወደ ላንቃው ኋላ እንዲያደርግ ንገሩት።
2. መንጋጋውን ሳትገፉ እየመራችሁ፣ ጥርስ ከጥርስ ሊነካካ ጥቂት ሲቀረው አቁሙ።
3. በዚያ ቦታ ሰሙን ወይም ሲሊኮኑን አስነክሱት። እስኪጠነክር ጠብቁ።
4. አውጡትና ድገሙት። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ሦስተኛ ያዙ።

ሁለቱን መያዣዎች በየተራ ሞዴሉ ላይ አድርጋችሁ ከጎን ተመልከቱ። ሞዴሎቹ በተለያየ ቦታ ከተገናኙ ታካሚው እየገፋ ነው ማለት ነው። ሌላ ቀን አስመጡት። መገጣጠሚያው የሚያመው ወይም ኮንዳይሉ የተበላ ታካሚ ከሆነ ደግሞ ዕቅዱን ትታችሁ መጀመሪያ መገጣጠሚያውን መርምሩ።

በሞቃት አካባቢ የምትሠሩ ሰሙን በኪስ ይዞ እንዲሄድ አትስጡት። ሲቲ ክፍል ሲደርስ ቅርጹን ቀይሮ ታገኙታላችሁ። ሲሊኮን ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ሲቲውን በጽሑፍ እዘዙ

«የፊት ሲቲ» ብላችሁ ብቻ ከላካችሁ የጭንቅላት ሲቲ ተነስቶ ሊመጣ ይችላል፤ እያንዳንዱ የምስል ቁራጭም 5 ሚ.ሜ ውፍረት ይኖረዋል። በዚያ ውፍረት መንጋጋው ደረጃ ደረጃ ሆኖ ነው የሚታየው። የማዘዣ ወረቀቱ ላይ ይህን ጻፉ፦

- ከግንባር አጥንት እስከ አገጭ በታች፤ ሁለቱም የመንጋጋ መገጣጠሚያዎች ሙሉ ይግቡ።
- የቁራጭ ውፍረት ከ1 ሚ.ሜ አይበልጥ፤ ከተቻለ 0.625 ሚ.ሜ ይሁን።
- ማሽኑ አይዘንበል፤ 0 ዲግሪ።
- ያለ ኮንትራስት መድኃኒት።
- የንክሻ መያዣው አፍ ውስጥ እንዳለ፣ ከንፈር ዘና እንዳለ።
- አገጭ ላይ ማሰሪያም ድጋፍም አይደረግ።
- በአጥንትና በለስላሳ አካል ማሳያ ሁለቱም፤ ዋናው ዳይኮም በሲዲ ወይም በፍላሽ ይሰጥ።

ከቻላችሁ ለራጅ ባለሙያው ራሳችሁ ደውሉ። ንክሻ መያዣው ለምን አፍ ውስጥ እንደሚቆይ ካልተነገረው «ባዕድ ነገር» ብሎ ሊያስወጣው ይችላል፤ ከእሱ አንጻር ደግሞ ትክክል ነው።

ኮን ቢም (ለጥርስና ለፊት የሚያገለግል የሲቲ ዓይነት) ካላችሁ ጨረሩ ብዙውን ጊዜ ያንሳል፤ ታካሚውም ቀና ብሎ ይነሳል። ግን ለጥርስ ተከላ የሚበቃ ትንሽ መስክ ያለው ማሽን ኮንዳይሉን ይቆርጠዋል። ከማዘዛችሁ በፊት የመስኩን ስፋት ጠይቁ። የአገጭ ማስቀመጫውም ከንፈርንና አገጭን እንዳይጫን ተጠንቀቁ።

ታካሚውን ደግሞ ማስነሳት ማለት ደግሞ ጨረር፣ ደግሞ ገንዘብ፣ ከክፍለ ሀገር ለመጣ ሰው ደግሞ ሌላ ጉዞ ነው። ማዘዣው ላይ 10 ደቂቃ አጥፉ።

ደረጃ 4፦ ጥርሱን ለብቻው ስካን አድርጉ

ሲቲ ላይ ጥርስ አይታመንም። ብራኬትና ብረት ሙሌት ጨረር የሚመስል መስመር ይረጫሉ። ስለዚህ ጥርሱ በአፍ ስካነር ወይም በጂፕሰም ሞዴል ስካን ለብቻው ይወሰዳል።

የአፍ ስካነር ከአንዱ መንጋጋ ጥርስ ተነስቶ ሌላኛው ጫፍ እስኪደርስ ቅስቱን ትንሽ ሊያጣምም ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው። በካሊፐር ከቀኝ መጨረሻ ጥርስ እስከ ግራ መጨረሻ ጥርስ ያለውን ርቀት ለኩና ከስካኑ ጋር አወዳድሩ። ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ከተለያዩ እንደገና ስካን።

የመጨረሻውን ንክሻ የጂፕሰም ሞዴል በእጃችሁ ይዛችሁ ወስኑ። ጥርስ ከጥርስ ሲገጥም እጅ የሚሰማውን ስክሪን አይሰጥም። ኦርቶዶንቲስቱና ቀዶ ሐኪሙ አብረው ይስማሙበት፤ ከዚያ ሞዴሎቹ እንደተገጠሙ ስካን ይደረጉ።

ደረጃ 5፦ ፋይሉን ከፍታችሁ ፈትሹ

1. ስምና ቀኑን እዩ። የሌላ ሰው ሲዲ ሊሆን ይችላል።
2. ቀኝና ግራን አረጋግጡ። የጎደለ ጥርስ ወይም ዘውድ ካለ በእሱ ለዩ።
3. የቁራጩን ውፍረት አንብቡ።
4. የአጥንቱ ጠርዝ ድርብ ሆኖ ከታየ ታካሚው ተንቀሳቅሷል። አትጠቀሙበት።
5. ሁለቱም ኮንዳይሎች ጉድጓዳቸው ውስጥ ናቸው? አንዱ ወጣ ካለ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

የኤስቲኤል ፋይል (የስካኑ ቅርጽ የሚቀመጥበት) መለኪያውን በውስጡ አይዝም። አንዱ ፕሮግራም ሚሊሜትር ሲል ሌላው ኢንች ብሎ ያነበዋል፤ ጥርሱ 25.4 ጊዜ ተልቆ ወይም አንሶ ይመጣል። ይህኛው ወዲያው ዓይን ውስጥ ስለሚገባ ደግ ስህተት ነው። የሚያስፈራው ጥቂት ፐርሰንት ብቻ ሲዛባ ነው። የካሊፐር ቁጥራችሁን እዚህም ተጠቀሙበት።

ደረጃ 6፦ አጥንቱን ለዩ

በሲቲ ለአጥንት የተለመደው መነሻ 226 ሀውንስፊልድ (ሲቲ የአካልን ጥግግት የሚለካበት አሃድ) ነው። ከዚያ ከፍ ስታደርጉ ጥርሱ ይጠራል፣ ስሱ አጥንት ግን ይቦደሳል። በኮን ቢም ይህ ቁጥር አይሠራም፤ ግራጫው ከማሽን ማሽን ይለያያል፣ ስለዚህ በዓይን አስተካክሉ።

ታችኛውን መንጋጋ ከራስ ቅል ለዩ። ጥርሶቹ በንክሻ መያዣው ተራርቀው ከተነሱ ይህ ቀላል ነው። ካልሆነ በእጅ እየጠረጋችሁ ነው። ኮንዳይሉን በሦስቱም አቅጣጫ ቁራጭ በቁራጭ እዩት፤ አውቶማቲክ መለያው ብዙ ጊዜ ከጉድጓዱ ጋር ያጣብቀዋል። በመጨረሻ የታችኛው መንጋጋ ነርቭ የሚሄድበትን ቦይ በሁለቱም ጎን ምልክት አድርጉበት።

ደረጃ 7፦ ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር አጋጥሙ

1. ከሲቲው ላይ የብረት ርጭቱን ጥረጉ። ካልጠረጋችሁት ፕሮግራሙ ርጭቱን ጥርስ መስሎት ወደዚያ ይጎትታል።
2. ቢያንስ ሦስት ነጥብ ምረጡ፦ አንድ የፊት ጥርስ ጠርዝና የሁለቱ ጎን የመጀመሪያ ትልቅ መንጋጋ ጥርስ ጉብታ። የተራራቁ ይሁኑ።
3. ከዚያ ለጥሩ መጋጠም ገጽታ ከገጽታ ጋር አስማሙ።
4. ውጤቱን በቁራጮቹ ላይ ፈትሹ። የስካኑ መስመር በጥርሱ ጠርዝ ላይ መሄድ አለበት፤ የፊት ጥርስ፣ ቀኝና ግራ መንጋጋ፣ ሦስቱም ጋ።

ፕሮግራሙ «አማካይ ስህተት 0.2» ቢል አትመኑት። ፊት ለፊቱ ልክ ሆኖ ኋላው ሊነሳ ይችላል። ካልተስተካከለ ብረት የሌለበትን ጥርስ መርጣችሁ ነጥቦቹን ቀይሩ።

ደረጃ 8፦ ጭንቅላቱን አቅኑ

ስክሪኑ ላይ ያለው ራስ ቅል የሲቲው ትራስ ባዘነበለው ልክ ነው ያለው። ከመጀመራችሁ በፊት ባነሳችሁት ፎቶና ደረጃ 1 ላይ በለካችሁት ቁጥር አዙሩት፦ መጀመሪያ የጎን ዘንበሉን፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝና ግራ መዞሩን፣ መጨረሻ ማቀርቀሩን።

ማረጋገጫ፦ በክሊኒክ ቀኝ ክራንቻ በ3 ሚ.ሜ ወርዶ ካገኛችሁት ስክሪኑም ላይ 3 ሊል ይገባል። 1 ካለ ጭንቅላቱ አልቀናም። ዕቅዱን ከዚህ አሳልፋችሁ አትቀጥሉ።

ደረጃ 9፦ ቁረጡ

ላይኛው መንጋጋ (ሌፎርት አንድ የሚባለው ቁርጥ)፦ ቁርጡ ከጥርስ ስር ጫፍ ቢያንስ 5 ሚ.ሜ ከፍ ይበል። ረጅሙ የክራንቻ ስር ነው፤ በእሱ ለኩ።

ታችኛው መንጋጋ፦ ሁለት ጎን የሚሰነጠቀውን ቁርጥ ከነርቭ ቦዩ ጋር አብራችሁ እዩ። ያልወጣ የአእምሮ ጥርስ መስመሩ ላይ ካለ ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ቢያንስ 6 ወር ቀደም ብለው ያስነቅሉታል።

አገጭ፦ ከአገጭ ነርቭ መውጫ ቀዳዳ ቢያንስ 5 ሚ.ሜ ዝቅ በሉ። ነርቩ ከመውጣቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ይላል።

ደረጃ 10፦ አንቀሳቅሱ፣ በቅደም ተከተል

ለምሳሌ ታችኛው ጥርስ ከላይኛው 6 ሚ.ሜ ቀድሟል እንበል። ላይኛው መሃል መስመር 2 ሚ.ሜ ወደ ግራ ነው። ቀኝ ክራንቻ 3 ሚ.ሜ ዝቅ ብሏል። ከንፈር ዘና ሲል 4 ሚ.ሜ ጥርስ ይታያል።

1. መሃል መስመር፦ ላይኛውን 2 ሚ.ሜ ወደ ቀኝ።
2. መንጋደድ፦ ግራው ባለበት ይቆይ፤ ቀኝ ክራንቻ 3 ሚ.ሜ ይውጣ። መሃሉ ላይ ያለው የፊት ጥርስ 1.5 ሚ.ሜ ይወጣል። የሚታየው ጥርስ ወደ 2.5 ይወርዳል ማለት ነው፤ ጥሩ ነው።
3. መዞር፦ ከታች ሆናችሁ ቅስቱን እዩ። አንዱ ጎን ወደ ውጭ ከወጣ አስተካክሉ፤ አለዚያ ጉንጩ ላይ ይታያል።
4. ወደ ፊት፦ ላይኛውን 5 ሚ.ሜ።
5. ታችኛውን በኮንዳይሉ ዙሪያ አዙሩና ወደተስማማችሁበት የመጨረሻ ንክሻ ውሰዱት። ታችኛው 6 ሚ.ሜ ከቀደመበት ተነስተን ላይኛው በመደበኛው ልክ 2 ሚ.ሜ እንዲቀድም በድምሩ 8 ሚ.ሜ ያስፈልጋል። 5ቱ ከላይ ስለመጣ ታች ወደ 3 ሚ.ሜ ይመለሳል። ላይኛው ከፍ በማለቱ ታችኛው ሲዘጋ ትንሽ ወደ ፊት ስለሚመጣ ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል።
6. ከተሰነጠቀው መንጋጋ ኋላ ያሉት ሁለቱ ቁራጮች ከፊተኛው ጋር ይጋጫሉ? ቀይ የሚታየው ቦታ ኦፕሬሽን ላይ የሚሞረድ አጥንት ነው። ጻፉት።
7. አገጭ መጨረሻ።

ሙሉውን 8 ሚ.ሜ ታችኛውን ወደ ኋላ በመግፋት ብቻ አታምጡት። የምላስ ቦታ ይጠባል፣ የአየር መተላለፊያውም አብሮ። የሚያንኮራፋ ታካሚ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

የመጽሐፉን ቁጥሮችም በማስተዋል ያዙ። ኤስኤንኤ 82፣ ኤስኤንቢ 80 የሚሉት ልኮች (የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል መሠረት አንጻር ያሉበት ማዕዘን) የተወሰዱት ከነጮች ፊት ነው። የኢትዮጵያዊ ወይም የሌላ አፍሪካዊ ፊት ከንፈሩ ሞላ፣ ጥርሱ ወደ ፊት ጋደል ቢል ጉድለት አይደለም። ፊቱን ለቁጥሩ ብላችሁ አትለውጡበት።

ሶፍትዌሩ የሚያሳየው የቆዳ ለውጥ ግምት ነው፤ በተለይ ከንፈር ላይ ይስታል። ለታካሚው ስታሳዩት «ወደዚህ አቅጣጫ ነው» በሉ። ምስሉን በስልኩ አትላኩለት። ለሠርጉ የሚዘጋጅ ወጣት ያንን ምስል ቃል ኪዳን አድርጎ ነው የሚይዘው።

ደረጃ 11፦ ስፕሊንቱን ሥሩ

ሁለት ናቸው። መካከለኛው የተንቀሳቀሰውን መንጋጋ ካልተንቀሳቀሰው ጋር ያገናኛል። መጨረሻው ሁለቱንም በአዲስ ቦታቸው ያስራል። የተለመደው ስህተት መካከለኛውን ሲሠሩ ሁለቱንም በተንቀሳቀሱበት ቦታ መላክ ነው። ከመላካችሁ በፊት ገና ያልተንቀሳቀሰውን መንጋጋ የመጀመሪያ ቦታ አብርታችሁ አነጻጽሩ።

ላይኛው ይቅደም ታችኛው? ንክሻው በትክክል መያዙን እርግጠኛ ካልሆናችሁ ታችኛውን ማስቀደም ይሻላል፤ ያን ጊዜ የኮንዳይሉ ስህተት ላይኛው ላይ አይተላለፍም። ግን ታችኛው በፕሌት (አጥንት በሚያስር ብረት) ጠንክሮ መታሰር አለበት። ስንጥቁ ከተበላሸ ዕቅዱ ስለሚቆም በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ሁለተኛ መካከለኛ ስፕሊንት፣ ለላይ መጀመሪያ የሚሆን፣ አሠርቶ ይግባ።

- ቀጭኑ ቦታ ከ2 ሚ.ሜ አይነስ። ካነሰ መካከለኛው ላይ መንጋጋውን በኮንዳይሉ ዙሪያ ትንሽ ክፈቱ።
- የጥርሱን ጉብታ ብቻ ያቅፍ። ብራኬት ድረስ ከወረደ አይገባም።
- 0.1 ሚ.ሜ አካባቢ ክፍተት ስጡ።
- «መካከለኛ»፣ «መጨረሻ» የሚል ጽሑፍና የቀኝ ምልክት ይቀረጽበት።

ደረጃ 12፦ አትሙና ሞክሩ

አፍ ውስጥ ለመግባት የተፈቀደ ሬዚን (በብርሃን የሚጠነክር የማተሚያ ፈሳሽ) ብቻ ተጠቀሙ። በአልኮል እጠቡ፤ ረጅም ጊዜ አታጥልቁ፣ ይጣመማል። ካደረቃችሁ በኋላ በብርሃን ማድረቂያው ሙሉ ጊዜውን ይቆይ።

ከዚያ በጂፕሰም ሞዴሉ ላይ አስቀምጡና በጣት ቀኝና ግራ ተጫኑ። ካወዛወዘ አትጠግኑት፤ ምክንያቱን ፈልጋችሁ እንደገና አትሙ። ከተቻለ ከቀዶ ሕክምናው ቀደም ብሎ ታካሚው አፍ ውስጥም ሞክሩት። አንድ ትርፍ አትማችሁ አምክኑትና እንደገና ሞዴሉ ላይ ሞክሩ፤ አንዳንዱ ሬዚን በእንፋሎት ሙቀት ይጣመማል። በክሎርሄክሲዲን ማጥለቅ ማምከን አይደለም።

ፕሪንተር ከሌላችሁ ፋይሉን ማተሚያ ላለው ላኩ። ያም ካልሆነ የደረጃ 10 ቁጥሮችን በአርቲኩሌተር (የመንጋጋን እንቅስቃሴ በሚመስል የሞዴል ማያዣ) ላይ በጂፕሰም ሞዴል ሠርታችሁ ስፕሊንቱን በአክሪሊክ አውጡ። ዕቅዱ ያኔም ዋጋ አለው።

ደረጃ 13፦ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ

ስፕሊንቱ ወደ ፊት፣ ወደ ጎንና መዞርን ይቆጣጠራል። ከፍታን አይቆጣጠርም! በሁለቱ ዓይኖች መካከል፣ አፍንጫ በሚጀምርበት አጥንት ላይ ፒን ወይም ስክሩ አድርጋችሁ፣ ከመቁረጣችሁ በፊት ከእሱ እስከ ፊት ጥርስ ለኩ። በምሳሌያችን ይህ ቁጥር በ1.5 ሚ.ሜ ማነስ አለበት።

*ስፕሊንቱ ካልተቀመጠ፦* አትግፉ። መጀመሪያ የተቀየረ ሽቦ ወይም አዲስ መንጠቆ ካለ እዩ። የሚያግደው ጠርዝ ብቻ ከሆነ ሞርዱ። በሁሉም በኩል ካወዛወዘ ጥርሱ ተንቀሳቅሷል፤ በእጅ ባለው የጂፕሰም ሞዴልና በተለኩ ቁጥሮች ሥሩ።

*ላይኛው ወደ ቦታው ካልሄደ፦* ኋላ በኩል የቀረ አጥንት አለ። ፊቱን ብቻ ስባችሁ ካሰራችሁት ኮንዳይሉ ከጉድጓዱ ይወጣል። አጥንቱን አንሱ።

*ፕሌት ከታሰረ በኋላ፦* የመንጋጋ ማሰሪያውን ፍቱና ታችኛውን በእጅ እየመራችሁ ዝጉ። ፊት ለፊት ከከፈተ ወይም ወደ ጎን ከሄደ ፕሌቱን አውጥታችሁ እንደገና እሰሩ። «በላስቲክ ይስተካከላል» ብላችሁ አትዝጉት።

ደረጃ 14፦ ከዕቅዱ ጋር አወዳድሩ

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ምስል ለሌላ ምክንያት ከታዘዘ በደረጃ 3 ልክ ይነሳ። ያልተነካውን የራስ ቅል ክፍል ከድሮው ጋር አጋጥሙና የጥርስና የአጥንት ነጥቦችን ለኩ። ብዙዎች የሚቀበሉት ልዩነት እስከ 2 ሚ.ሜ ነው።

ከዚያ ካለፈ አቅጣጫውን ተመልከቱ። ላይኛው በሙሉ ወደ ኋላ ከቀረ ጥርጣሬያችሁ ንክሻ አያያዙ ላይ ይሁን። ከፍታው ብቻ ከሳተ የፒኑ ልኬት ነው። አንዱ ጎን ከዞረ የጥርስና የአጥንት ማጋጠሙን፣ ቀጥሎም የጭንቅላቱን ማቅናት ፈትሹ። ያገኛችሁትን ከታካሚው ካርድ ጋር አያይዙና የሚቀጥለውን ዕቅድ ከመክፈታችሁ በፊት አንብቡት።